በመዳፌ የያዝሁት ውኃ

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይቅለለኝ፤ ኋላ «አይ፣ ይቺስ ባለጌ ናት» ብላችሁ ከመንገድ እንዳትተውኝ። እናቴ «አንቺን ሳረግዝ ሚጥሚጣ አምሮኝ ነበር» ትላለች፤ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። አሁን የምነግራችሁ ሰቆጣ በተመደብሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም መካከል የደረሰብኝን ነው። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ረፋድ፣ በቃ፣ ሌላ የለውም። ነገር ግን ከዚያ በፊት የነበረችው ሰናይትና ዛሬ ይህን የምትጽፈው ሰናይት በመንገድ ቢገናኙ ሰላም የሚባባሉ አይመስለኝም።

የተወለድሁት ፍኖተ ሰላም ነው፤ ዝናቡ «ኧረ በቃ!» እስኪባል በሚወርድበት አገር። የተማርሁት የውኃ ምህንድስና ነው። ምደባዬ ሰቆጣ ሲሆን አለቀስሁ፤ አልዋሽም። የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍሁት የዝውውር ማመልከቻ በመጻፍ ነው። አከራዬ «ልጄ፣ ሻንጣሽን መቼ ነው የምትፈቺው?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የዋግን ተራራ በበጋ ለሚያየው ሰው ድንጋዩም ሰዉም የደረቀ ይመስለዋል። ለእኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ሥራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የቆሻሻ መጣያ ነበር። ቆሻሻ ተከምሮ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይበሰብሳል፤ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ከሥሩ ጥቁር ውኃ ያወጣል። ሽታው ራስ ያዞራል። መጣያው ያለው ከአፋፍ ላይ ስለሆነ ያ ጥቁር ውኃ በሸለቆው ወርዶ ወርዶ ከታች ካለችው መንደር አሸዋ ውስጥ ይገባል። የመንደሯ ሰው በበጋ ውኃ የሚያገኘው ያንኑ አሸዋ ቆፍሮ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ አያ ኪሮስ የሚባሉ የዚያች መንደር ገበሬ ፍየሎቻቸው ከሸለቆው ጠጥተው አራቱ አለቁባቸው። ልጆችንም ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። አያ ኪሮስ የአንዷን ፍየል ቆዳ ተሸክመው ማዘጋጃ ቤት ድረስ በእግራቸው መጡና ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውት ሄዱ። 

ከዚያ በኋላ ነው በአንድ ፕሮጀክት ማጣሪያው የተሠራው። ሥራው ሲነገር ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ጥቁሩ ውኃ መጀመሪያ ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል። ከኩሬው ወደ ትልቅ ገንዳ ይሄዳል። ገንዳው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት፣ ባክቴሪያዎች፣ አሉ፤ በማሽን አየር ይነፋላቸዋል፣ እነሱም ቆሻሻውን ይበሉታል። ዘራቸውን ያመጣነው ከቄራ ከተገኘ ፈርስ ነው፤ ደግነቱ ከቅበላ በፊት ቀደምን እንጂ ጾም ከገባ ቄራው ዝግ ነው። በመጨረሻ ውኃው ሜምብሬን በሚባል ወንፊት ያልፋል። እዚያው ገንዳ ውስጥ ተነክረው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ነጫጭ ሉሆች ናቸው፤ ቀዳዳቸው ከመድቀቁ የተነሣ ባክቴሪያ እንኳ አያሳልፍም። ውኃው ብቻ ሾልኮ፣ ኩልል ብሎ ይወጣል።

አብሮኝ የሚሠራው ሞላ የሚባል የሰቆጣ ልጅ ነበር። ድሮ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበረ፤ ሞተር ሲያስል ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ነው። ባክቴሪያዎቹን «ከብቶቹ» ነበር የሚላቸው። መብራት ጠፍቶ አየሩ ሲቆም «ኧረ ከብቶቹ ታፈኑ!» እያለ ወደ ጀኔሬተሩ ይሮጣል። ማጣሪያውን ገና ከፕሮጀክቱ ሰዎች አልተረከብነውም ነበር። ስለዚህ የተጣራውን ውኃ ወደ ሸለቆው አንለቀውም፤ መልሰን ወደ ኩሬው እንገፋዋለን። በርክክቡ ዕለት ቫልቩ ይከፈትና ውኃው ወደ መንደሯ አሸዋ መውረድ ይጀምራል። በዚያ ደረቅ በጋ ለመንደሯ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ከርክክቡ ሦስት ሳምንት በፊት መንደሯ ወርጄ ሰዉን ሰብስቤ አስረዳሁ። በምላሴ አንደኛ ነኝ። «ውኃው ንጹሕ ነው፤ እኔን እመኑኝ» አልኋቸው። እርስ በርሳቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ ተነጋገሩ፤ አንድም አልገባኝም። ከዚያ አያ ኪሮስ ተነሡ። ቀጭን፣ ረዥም ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰውን ዓይን ዓይኑን ነው የሚያዩት።

«ልጄ፣ በእናንተ አገር ጠላ ይጠጣል?» አሉኝ።

«እንዴታ! ይጠጣል እንጂ።»

«ቀጂዋ እንዴት አድርጋ ነው የምትሰጥ?»

«ከመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ነዋ።»

«እንግዲህ አንቺ ከላይ ነሽ፣ እኛ ከታች ነን። ቀጂያችን ነሽ። ውኃው በሚለቀቅበት ቀን ፊታችን ትቀምሻለሽ፤ እኛም እናምናለን።»

የቆሻሻ ውኃ ተጣርቶ አሸዋ ይቀበለዋል፣ ፍየል ይጠጣዋል እንጂ ለሰው መጠጥ እንዳልሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ሞላም እጅጌዬን ጎተተኝ። እኔ ግን ሰዉ እየሳቀልኝ ነበር፤ ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ አፌን አልገዛውም። «እቀምሳለሁ! ዋንጫውን እርስዎ ይዘው ይምጡ!» አልሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አሁን ወደ ሐሙስ እንምጣ።

ሐሙስ ጠዋት ሉሆቹን ለማየት የተደረደሩበትን ማቀፊያ በሰንሰለት ከገንዳው አወጣነው። ቡናማ፣ ሙልጭልጭ የሚል ነገር ለብሰዋል። ይህ ያለ ነው፤ በቀስታ ውኃ ለቀቅ አድርጎ ማጠብ ይበቃዋል፤ እጅ አይነካውም። ሞላ ለጀኔሬተሩ ነዳጅ ሊያመጣ ከተማ ሄደ። ሲመለስ ልናጥበው ተነጋግረን ነበር። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ናቸው።

«ሰናይት፣ የፕሮጀክቱ እንግዶች ቅዳሜ ይመጣሉ። ርክክቡ ቅዳሜ ነው። አሁኑኑ ስብሰባ ነይ!»

እየሮጥሁ ስወጣ እትዬ ለምለምን ከበሩ አገኘኋቸው። እትዬ ለምለም የግቢው ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ሰቆጣ ውስጥ ግን የሚታወቁት በጠላቸው ነው፤ ለሰርግ ጠላ የሚያስጠምቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ከሥራ በኋላ ነው የሚጠምቁት።

«እትዬ ለምለም፣ ቅዳሜ እንግዳ ሊመጣ ነው። ሁሉንም ያጽዱልኝ፤ አንድ ነገር እንዳይቀር። እንደ መስታወት ያብሩት!» ብያቸው ሮጥሁ።

አንድ ነገር እንዳይቀር። እነዚህን ቃላት አስታውሷቸው።

ስብሰባው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ፤ ድንኳኑ የት ይተከል፣ ወንበር ከማን እንዋስ የሚል ክርክር ነው። ስመለስ ግቢው ያበራል። ደረጃው ታጥቧል፣ የቧንቧው አቧራ ተጠርጓል፣ ከሰንሰለቱ ላይ የተንጠለጠሉት ሉሆችም ነጭ፣ ጥርት ብለዋል።

«እሰይ! ጎበዝ ነህ!» አልሁት ሞላን።

«አመሰግናለሁ» አለ እየሳቀ። እሱ ነዳጁን በማምጣቱ ያመሰገንሁት መስሎታል፤ ሉሆቹን ደግሞ እኔ ያጠብኋቸው መስሎታል። እኔም እሱ ያጠባቸው መስሎኛል። ሁለት ሞኞች ተመሰጋግነን ማቀፊያውን ወደ ገንዳው መልሰን አወረድነው።

ዓርብ ጠዋት ከሚወጣው ውኃ ቀድቼ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ያዝሁት። ጥርት ብሏል። «ወይኔ ልጅቱ!» አልሁ ራሴን፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ለደንቡ ያህል መለኪያው ውስጥ አስገባሁት። ቁጥሩ ከሚፈቀደው በላይ ሆነ። መለኪያው ተበላሸ ብዬ አጥቤ ደገምሁት። ያው ነው። ሦስተኛም ሞከርሁ። ዓይን የማያየው ነገር ውኃው ውስጥ አለ፤ ከገንዳው እያመለጠ ነው ማለት ነው።

«ሞላ! ማቀፊያውን አውጣው!»

«ምነው? ትናንት አስገብተነው!»

«አውጣው አልሁህ እኮ!»

አወጣነው። ሉሆቹን አንድ በአንድ ስንገልጥ በመካከላቸው አንድ አረንጓዴ ነገር ተለጥፎ አየሁ። ነቅዬ አሸተትሁት። መራራ ሽታ አለው። ሞላ ከእጄ ተቀብሎኝ አንዴ አየውና ራሱን ያዘ።

«ግራዋ ነው» አለ። «ወይ ጉድ! እትዬ ለምለም እንደ ጋን አጥበውታል!»

የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ እንደሚታጠብ ታውቃላችሁ፤ ካልታሸ ጠላው ይኮመጥጣል። ሉሆቹን ወደ ብርሃን ስናዞራቸው ድመት የቧጨረቻቸው ይመስላሉ። ዐሥራ ሁለቱ ተሰነጣጥቀዋል። መለዋወጫ የለንም፤ ከአዲስ አበባ ይምጣ ቢባል ሳምንታት ይፈጃል።

እንግዲህ ቁጡ ነኝ ያልኋችሁ እዚህ ጋ ነው። ሄጄ እትዬ ለምለም ላይ ጮህሁባቸው። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው።

«ምን ነክቶዎት ነው? ማን ንኩ አለዎት? ይህ የስንት ሰው ልፋት ነው!»

እትዬ ለምለም መጥረጊያቸውን ይዘው ደንግጠው ቆሙ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ሉሆቹን በምንድን ነው ያጠቡት?»

«በግራዋ ነዋ። አልለቅም ሲለኝ ጊዜ በቃጫ ጆንያ ቁራጭ አሸሁት። ኧረ እንዴት ያለ እድፍ ነበረው መሰለሽ! በወይራ ማጠን ብቻ ነው የቀረኝ፤ ግቢው ጭስ ጭስ እንዳይሸት ብዬ ተውሁት።» ከዚያ ፊቴን አዩት። «አንቺ አይደለሽ ሁሉንም፣ አንድ ነገር እንዳይቀር ያልሽኝ? እንግዳ ነው ያልሽኝ?»

 ጥፋቱ የእኔ ሲሆን ይብሳል ቁጣዬ። «ዞር ይበሉልኝ!» ብያቸው ሄድሁ። ወደ ኋላ ስዞር በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

አቶ ጌታሁን ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ነገሩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ለረዥም ጊዜ ዓይናቸውን አሹ።

«በዓይን ይታያል?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ጉድለቱ።»

«አይታይም። መለኪያው ነው የሚያሳየው።»

«እንግዲያው ስሚኝ። እንግዶቹ ነገ መጥተው ርክክቡ ሳይሆን ከተመለሱ ዳግመኛ የሚመጡ አይመስለኝም። ማጣሪያው ዝጎ ይቀራል። ያኔ መንደሯ ምን ልትጠቀም ነው? ነገ ይከፈት። እነሱ ከሄዱ በኋላ ትዘጊዋለሽ። ሉሆቹ ሲመጡ እንደገና እንከፍታለን። ለጥቂት ሰዓት ምን ይሆናል?»

«ለመንደሩ ሰውስ ምን እንላለን?»

«ምንም አንልም። ምን አስጨነቀሽ?» አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «የዝውውርሽንም ጉዳይ አልረሳሁትም።»

እኔም «እሺ» አልሁ። በሐቀኝነት ልንገራችሁ፤ አልታገልሁም። ስወጣ እንዲያውም ቀለል ብሎኝ ነበር። ጥቂት ሰዓት ምንም አይደለም እያልሁ ቤቴ ደረስሁ። የዋንጫው ነገር ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ድንኳኑ ሞልቷል። እንግዶቹ ከፊት ተቀምጠዋል። ቫልቩ ላይ ቀይ ሪባን ታስሯል። እኔ አዲስ ጫማ አድርጌ ባክቴሪያው እንዴት እንደሚበላ፣ ወንፊቱ እንዴት እንደሚያጣራ አስረዳለሁ። ከእንግዶቹ መሃል አንድ ሸበቶ ባለሙያ ማስታወሻ ይይዛሉ። ሞላ ከጀኔሬተሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ለምለም ደግሞ ከሁሉም ሰው ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ቆመዋል።

የመንደሯ ሰዎች በእግራቸው ደረሱ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰዋል። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘዋል፤ ውኃው ወርዶ አሸዋው ሲርስ በማግስቱ ለመቆፈር ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ጀሪካኑን ሳይ ዓይኔን ወደ ሪባኑ መለስሁ።

አያ ኪሮስ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ከነጠላቸው ውስጥ የቀንድ ዋንጫ አወጡ። ጥቁር፣ አፉ በእድሜ የለሰለሰ ዋንጫ ነው።

«ቃልሽን አልረሳሽም?» አሉኝ።

አቶ ጌታሁን ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው በራ። ለእንግዶቹ ልማዱን አስረዱ፤ ቀጂ ቀድማ ትቀምሳለች እያሉ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ስልኮች ወጡ። «ቅመሺ እንጂ! ቅመሺ!» አሉኝ አቶ ጌታሁን።

ዋንጫውን ተቀብዬ ከናሙና መቅጃው ቧንቧ ቀዳሁ። ውኃው ጥርት ያለ ነው። ግራ መዳፌን ጎድጎድ አድርጌ ጠብ አደረግሁበት። ቀዝቃዛ ነበር።

አንድ ጉንጭ አይገድለኝም። ይህን በደንብ አስቤዋለሁ፤ ሆዴን ቢያመኝ እንኳ ሁለት ቀን ነው፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። ነገሩ እሱ አልነበረም። እኔ ከቀመስሁ አያ ኪሮስ ያምናሉ። እሳቸው ካመኑ መንደሩ ሁሉ ያምናል። ቫልቩን ዛሬ ብዘጋው እንኳ የሚወርደው ወርዶ አሸዋው ውስጥ ይገባል፤ ጀሪካን የያዘችው ሴት ነገ ቆፍራ ለልጇ ትሰጣለች። ልጁ ቢታመም «ሰናይት ቀምሳዋለች እኮ» ብለው ሌላ ምክንያት ይፈልጋሉ። ውኃውን አይጠረጥሩም። የፍየሎቹ ጊዜ እንኳ ቢያንስ ሽታው አስጠንቅቋቸው ነበር፤ ይሄኛው ሽታ የለውም።

እጄን እስከ ከንፈሬ አነሣሁት። አያ ኪሮስ ዓይኔን ያያሉ። ከኋላቸው፣ ሩቅ፣ እትዬ ለምለም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል። እሳቸውም ያውቃሉ። ጠላ ቀጂ ናቸውና መዳፍ ላይ ያለ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

መዳፌን ገለበጥሁት። ውኃው ከአዲሱ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ።

«አያ ኪሮስ፣ አልቀምሰውም» አልሁ። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆነብኝ። «ውኃው ዛሬ መለቀቅ የለበትም። ወንፊቱ ተቀዷል። ትናንት ነው ያወቅሁት፤ አውቄም ዝም ብያለሁ።»

 አቶ ጌታሁን «ሰናይት…» ብለው ቀሩ። ከእንግዶቹ አንዱ «ማን ቀደደው?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «የማይነካውን ሳልናገር ሁሉም ይጽዳ ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።»

«ውሸቷን ነው!» የሚል ጩኸት ከአጥሩ ሥር መጣ። እትዬ ለምለም ሰዉን በክንዳቸው እየገፉ ወደ ፊት ወጡ። «እኔ ነኝ ያጠብሁት፣ በግራዋ! ጋን መስሎኝ ነው! ልጅቷን እንዳትነኳት!»

ከመንደሯ ሴቶች አንዷ «በግራዋ?» አለች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሌሎቹም ተከተሏት። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እያለቀስሁ ነበር። ትናንት የጮህሁባቸው ሴት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊሸፍኑኝ ቆመዋል።

ሸበቶው ባለሙያ ተነሥተው «መለኪያሽን አምጪው» አሉኝ። ራሳቸው ቀድተው ለኩ። ቁጥሩን አዩት፣ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። «ሪባኑን ፍቱት» አሉ። «ዛሬ የሚከፈት ነገር የለም።»

አያ ኪሮስ ግን ዋንጫቸውን ከእጄ ወሰዱ፣ ገልብጠው አራገፉት፣ ወደ ነጠላቸው መለሱት። ለሰዎቻቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሁሉም ተነሡ። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን አነሡ። እንዲያው «አበጀሽ» የሚለኝ ሰው ጠብቄ ነበር መሰለኝ። አያ ኪሮስ በአጠገቤ ሲያልፉ «ፍየሎቼን ሩቅ ልነዳቸው ነው እንግዲህ» ብቻ አሉ። እውነት መናገር ውኃ አይሆንም። ያን ቀን ባዶ ጀሪካን ይዘው የሄዱት እነሱ ናቸው።

ሰዉ ሲበተን እትዬ ለምለም እግር ላይ ወደቅሁ። «ተነሽ እባክሽ፣ አዲስ ጫማ አድርገሽ!» አሉኝ እየጎተቱ።

አቶ ጌታሁን ለአንድ ወር ያህል ከሰላምታ በቀር አላነጋገሩኝም። የዝውውሩ ደብዳቤም አልተጻፈም። እንግዶቹ ይተዉናል የተባለው ግን ልክ አልነበረም፤ ሸበቶው ሰውዬ አስልከውልን፣ አዲሶቹ ሉሆች ከፋሲካ በኋላ ደረሱ። እስከዚያ የመንደሯ ሴቶች ሩቅ ሄደው ቀዱ፤ እኔም ባየኋቸው ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

አዲሶቹን ሉሆች ሞላና እኔ ገጠምናቸው። እትዬ ለምለም አጠገባችን ቆመው «ይኸው፣ አልነካሁም» እያሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያሾፉብናል። ሳምንት ሙሉ ለካን፣ ናሙና ላብራቶሪ ላክን። ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ሲመለስ በአንድ ተራ ማክሰኞ ያለ ድንኳን፣ ያለ ሪባን ቫልቩን ከፈትን። አያ ኪሮስን አስጠርቼ ነበር። ፊታቸው ከመዳፌ በምላሴ ጫፍ ነካ አድርጌ ተፋሁት።

«እህ?» አሉ።

«ጨው ጨው ይላል» አልሁ። «ወንፊቱ ቆሻሻውን እንጂ ጨዉን አይዝም። እናንተ ከዚህ አትጠጡ፤ የሰው ጉድጓድ ሸለቆው ከአሸዋው ከሚገናኝበት በላይ ይቆፈር። ይህ ለፍየሎቹ ይሁን።»

አያ ኪሮስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ፍየል ጨው ትጠላለች ያለሽ ማን ነው? አሁን ገና ቁም ነገር ተናገርሽ።»

ይህን ለምን እጽፍላችኋለሁ? ከአንባቢዎቼ መካከል ከላይ ሆኖ ወደ ታች የሚለቅ ብዙ ሰው ይኖራል። ውኃ ላይሆን ይችላል፤ መድኃኒት፣ ዘር፣ ትምህርት ሊሆን ይችላል። እኔ ከመዳፌ ያፈሰስሁት ጀግና ስለሆንሁ አይደለም፤ አንድ ቀን ቀድሜ «እሺ» ብዬ ነበር እኮ። ያዳነኝ አንድ ሽማግሌ ዋንጫ ይዘው መጥተው ዓይኔን ማየታቸው ነው። የሚያዩኝ ሰው ባይኖር ቫልቩን ከፍቼ ቤቴ እገባ ነበር። ስለዚህ አሁን ሥራ ስጀምር፣ ውኃው የሚወርድባቸውን ሰዎች ጠርቼ አጠገቤ አስቆማቸዋለሁ። ጠሉኝም ወደዱኝም ይዩኝ። ቁጣዬ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዳትታለሉ።

ባለፈው ጥቅምት አያ ኪሮስ የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ደርሶ ጠሩኝ። ሞላና እትዬ ለምለምም ነበሩ። ጠላው እንደ ተለመደው የእትዬ ለምለም ነው። ቀጂዋ የአያ ኪሮስ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወስደው ለእኔ አቀበሉኝ።

«ዛሬ አንቺ ቅጂ» አሉኝ።

ተነሣሁ። ግራ መዳፌን ጎድጎድ ሳደርግ ሽማግሌዎቹ በሙሉ፣ አያ ኪሮስ ያን ጥቁር የቀንድ ዋንጫ ይዘው ከሁሉም ቀድመው፣ ገና ሳልቀምስ ዋንጫቸውን ዘረጉልኝ።

«ቆዩ» አልኋቸው። «ልቅመስ።»